አንዴ ብቻ የተጠየቀችው ልጅ

አንድ ወጣት ነበረ። ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪው ሁሉ ከክፍል ወጥቶ ወደ ላውንጅና ወደ ኳስ ሜዳ ሲበተን፣ እሱ በአንገቱ ያንጠለጠለውን ቁልፍ አውልቆ አንድ አሮጌ የመማሪያ ክፍል ይከፍታል። ወንበር ይደረድራል። ሰሌዳ ያጠፋል። ጠመኔ ካለቀ ሮጦ ከሌላ ክፍል ያመጣል። ልጆቹ ሲመጡ ቆሞ ያስጠናቸዋል። ሲጨርሱ ወለሉን ጠርጎ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ ይሄዳል።

ብቻውን። ሁልጊዜ ብቻውን።

ይህን ስትሰሙ በልባችሁ ምን አላችሁ? "እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው!" አላችሁ አይደል? ገና ምኑንም ሳልነግራችሁ አንዳንዶቻችሁ አንገታችሁን ስትነቀንቁ አይቻለሁ። ራሳችሁን አይታችሁበት ይሆናል። እስቲ ሳንቸኩል እንየው።

ልጁ ምንተስኖት ይባላል። የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የሪሚዲያል ተማሪዎችን የሚያስጠና አንድ ክበብ አለ፤ ሰብሳቢው እሱ ነው። ሪሚዲያል ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ አንዳንዶቻችሁ በዚያው በር ነው የገባችሁት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልሞላ ያላቸው ልጆች ለጥቂት ወራት ግቢ ገብተው ይማራሉ፣ ሰኔ ላይ እንደገና ይፈተናሉ። ያለፈ ይቀራል። ያላለፈ ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ይወርዳል። "ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገባ" ተብሎ የተመረቀ፣ ጎረቤት የሸኘው ልጅ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ በሰፈሩ ሲያልፍ ምን ይላል? እናቱ በር ላይ ስትቀበለው ምን ይላታል?

ምንተስኖት ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው ያን ክፍል የሚከፍተው። ልቡ ከእነዚያ ልጆች ጋር ነበር፤ ይህን አንንፈገው።

መጋቢት ላይ ታዲያ አፓረንት መጣ። የምህንድስና ተማሪ ከግቢ ወጥቶ ሥራ የሚለማመድበት ጊዜ ነው። የእሱ ምደባ ሩቅ አገር፣ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ሆነ። መሄዱ አይቀርም። የልጆቹ ፈተና ደግሞ ሰኔ ነው። በመካከል ባሉት ወራት ልጆቹን ማን ይያዛቸው?

የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊው ቢሮው አስጠራው።

"ምንተስኖት፣ ያን ክፍል የሚፈልጉ ክበቦች ወረፋ ይዘዋል" አለው። "የሚተካህን ሰው ይዘህ ና፤ ክፍሉ የእናንተው ይሆናል። ካልሆነ ግን ከመሄድህ በፊት ቁልፉን ታስረክባለህ።"

"ፈልጌ ነበር እኮ ጋሼ" አለ ምንተስኖት። "ሰው የለም።"

ሰው የለም!

ይህን ቃል የት ነው የምታውቁት? እኔ በየሄድኩበት እሰማዋለሁ። መዘምራን ጋ ስሄድ፣ ሰው የለም። ጸሎት ክፍል ጋ ስሄድ፣ ሰው የለም። አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ወንበር ጠፍቶ ቆመው የሚሰሙ አሉ። እንዴት ነው ነገሩ? ለመቀመጥ ያለው ሰው ለመሥራት ሲሆን ወዴት ይሄዳል?

ምንተስኖት ጨርሶ አልጠየቀም ልላችሁ አይደለም። ጠይቋል። መጀመሪያ የጠየቀው አንዲት ልጅ ነበር። ወይንሸት ትባላለች፤ የስታቲስቲክስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ከገጠር ነው የመጣችው። እናት አባቷ የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ነው፣ አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ነው። ዝምተኛ ናት። አልፎ አልፎ ከሚያግዙት ልጆች አንዷ ናት፤ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች እንጂ ወደ ፊት አትወጣም። ምንተስኖት ግን አንድ ነገር ልብ ብሏል። እሱ አስጠንቶ ሲጨርስ፣ ያልገባቸው ልጆች ወደ እሱ አይመጡም። ቀስ እያሉ ወደ ወይንሸት ወንበር ይሰበሰባሉ። እሷም ዝግ ባለ ድምፅ፣ ወረቀት ላይ እየጫረች፣ እስኪገባቸው ታስረዳቸዋለች።

አንድ ቀን ላይብረሪ በር ላይ አገኛት። እሱ ሊገባ፣ እሷ ልትወጣ።

"ወይንሸት፣ አፓረንት ልወጣ ነው። ክበቡን ትይዢልኛለሽ?"

እሷም መሬት መሬት እያየች "ኧረ እኔ? እኔ ምን አውቄ! የሚሻል ሰው ፈልግ" አለችው።

"እሺ፣ ችግር የለም" አለና ገባ።

አለቀ። የአንድ ክበብ ዕጣ፣ የስንት ልጅ የሰኔ ፈተና፣ ላይብረሪ በር ላይ በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

ሌላ ልጅ ጠየቀ። ልጁ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ካንተ በኋላ ማን ይችለዋል ወንድሜ!" አለው። እውነቱን እንነጋገር፤ ምንተስኖት ይህን ሲሰማ ደስ አለው። አዝኖ መሄድ ሲገባው ደስ ብሎት ሄደ። "ካንተ በኋላ የለም" ሲሉን እንዴት ይጣፍጣል! የምንወደው ሥራ ከእኛ በኋላ ሊሞት ነው ማለት እንደሆነ እንኳ አይታወሰንም። ሦስተኛው ደግሞ "አስብበታለሁ" አለ። ምን እንዳሰበ ግን ተመልሶ የጠየቀው የለም።

ማታ ዶርም ገብቶ አልጋው ላይ ተዘረረ። ከላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛው ነስሩ የሚባል ጓደኛው ነው፤ ከፍሬሽ፣ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አብረው የኖሩ፣ ሆድና ጀርባ ሳይሆኑ አራተኛ ዓመት የደረሱ።

"ምን ሆነህ ነው ፊትህን ያጠቆርከው?" አለው ነስሩ ወደ ታች እያየ።

"ክበቡ ሊዘጋ ነው። የዘንድሮ ተማሪ እኮ ኃላፊነት አይወድም ነስሩ። ሁሉም ለራሱ ነው የሚሮጠው። ሁሉንም ጠይቄ ጨረስኩ።"

"ሁሉንም? እነማንን?"

ምንተስኖት ስማቸውን ነገረው።

"እነሱ ናቸው ሁሉም?" አለ ነስሩና ሳቀ። "ይሁን። ቁልፉን ማስረከብህ ካልቀረ፣ ሲያግዙህ የከረሙትን ልጆች ምሳ ጋብዘህ ተሰናበታቸው። ዝም ብለህ ውልቅ ብትል ነውር ነው።"

ይህስ እውነት ነው አለ ምንተስኖት። ለቅዳሜ ጠራቸው። ከወይንሸት ሌላ ያግዙት የነበሩት ሁለቱ ልጆች ፈተና አለብን ብለው ቀሩ። የመጣችው ወይንሸት ብቻ ነበረች። ሰው እንዳያንስ ነስሩም አብሮ ሄደ፤ ምሳ ባለበት ነስሩ መቅረት አይወድም።

ምሳው ከግቢው በር ማዶ፣ ተማሪዎች በወር ክፍያ፣ በኮንትራት፣ የሚበሉበት፣ ሁሉም ማዘር የሚላቸው ሴትዮ ቤት ነው። ማዘር ተጋቢኖውን እየተንተከተከ አመጡት። እንጀራው ተዘረጋ። ምንተስኖትና ነስሩ እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። ወይንሸት ግን ከወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

"ነይ እንጂ!"

"እናንተ ብሉ፤ እኔ በልቻለሁ።"

"ምን በላሽ? ተነሽ ታጠቢ!"

"እውነቴን ነው፤ ግቢ ካፌ በልቼ ነው የመጣሁት።"

"የካፌ ምሳ ከምሳ ተቆጥሮ ነው? በሞቴ ወይንሸት!"

"ኧረ ጠግቤያለሁ..."

"አፈር ስሆን! አንድ ጉርሻ፤ አንድ ብቻ!"

ጉርሻውን ጠቅልሎ፣ እጁን ዘርግቶ ጠበቃት። እንግዲህ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው አይመለስም። ጎረሰች። ከዚያ ተነስታ ታጠበች። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አደረገች። ከዚያማ ምን ልንገራችሁ! ማዘር እንጀራ ጨመሩ፤ እሱም አለቀ።

ነስሩ ዓይኑን አፍጥጦ "ካፌ በልታ የመጣችው ይቺ ናት?" ሲል ሦስቱም ሳቁ። ወይንሸት አፏን በእጇ ከድና ሳቀች።

"ጠዋት ፈተና ነበረኝ፤ ስወጣ ካፌው ተዘግቷል" አለች።

ምንተስኖት ገረመው። "ታዲያ እርቦሽ እያለ ለምን በልቻለሁ አልሽ?"

አሁን የገረማት እሷን ነው። "ወዲያው እሺ ይባላል እንዴ? እኛ አገር ሰው ገና ሲጠራ ዘሎ ማዕድ ላይ አይቀመጥም። ነውር ነው። መጀመሪያ በልቻለሁ ይላል። የጠራው ሰው ከልቡ ከሆነ ይደግምለታል፣ ይለምነዋል። ካልደገመለት ለወጉ ያህል ነው የጠራው፤ ያን ያውቅና መንገዱን ይቀጥላል።"

"እኛም ቤት ያው ነው" አለ ነስሩ እየጎረሰ።

ምንተስኖት እጁ እንጀራው ላይ ቀረ።

ይህን ባህል ከእሷ የሚማረው አይደለም። ከልጅነቱ ያውቀዋል። አክስቱ ቤት ሄዶ "በልቻለሁ" ያላለበት ቀን የለም፤ አክስቱም ሳይለምኑት ያለፉበት ቀን የለም። የደነገጠው በሌላ ነገር ነው። ትዝ ያለው የላይብረሪው በር ነው። እዚያ ቆሞ "ክበቡን ትይዢልኛለሽ?" ሲላት፣ "እኔ ምን አውቄ" ስትለው፣ እሱ ምን አለ? "እሺ፣ ችግር የለም።"

እዩት እንግዲህ። ለአንድ ምሳ "በሞቴ" አለ። "አፈር ስሆን" አለ። እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ለልጆቹ ዕድል፣ እንቅልፍ ላጣበት ሥራ ግን አንዴ ጠይቆ ሄደ። ለሆዷ ለመናት፤ ለጸጋዋ አልለመናትም።

እሱን ራሱንስ ማን ነበር ወደዚህ ሥራ ያስገባው? ሰሎሜ የምትባል ከእሱ በፊት የነበረች ሰብሳቢ ነበረች። ሁለተኛ ዓመት እያለ ስትጠይቀው "እኔ አይሆንልኝም" ብሏት ነበር። በማግስቱ መጣች። ሴት ወንዶች ዶርም አትገባምና ከሕንፃው ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማ አስጠራችው። እምቢ አላት። ሌላ ቀን መጣች። ከነስሩ ጀምሮ የዶርሙ ልጅ ሁሉ በመስኮት እያየ ሳቀበት። በመጨረሻ አፍሮም ይሁን ወድዶ ተከተላት። ይህን ሁሉ ረስቶት ነበር። በራሱ የገባ መስሎት ነበር! እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ የተለመንበትን ቀን እንረሳና ሌላው ሰው ሳይለመን እንዲመጣ እንጠብቃለን።

ምንተስኖት ወደ ወይንሸት ዞረ።

"ወይንሸት፣ ስለ ክበቡ..."

"ጠይቀኸኝ አልነበር?"

"አልጠየቅኩሽም። ለወጉ ነው ያልኩሽ። አሁን ግን ከልቤ እየለመንኩሽ ነው።"

ወይንሸት የውሃ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አዞረችው። ነስሩ እንኳ መጉረሱን አቆመ።

"አልችልም ምንተስኖት" አለች በመጨረሻ። ይህ "አልችልም" ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ድምፅዋ ሌላ ነበር። "ፊት ለፊት ስቆም አማርኛዬ ይጠፋብኛል። ፍሬሽ ሳለሁ ክፍል ውስጥ ፕሬዘንቴሽን ሳቀርብ ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም።"

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ አብረን እንቁም። የመጀመሪያው እምቢታዋ የወግ ነበር፤ ያደገችበት ጨዋነት ነው የተናገረው። ሁለተኛው እምቢታዋ ግን የልቧ ነው። ቁስሏ ያለው እዚያ ነው። እሱም የልቧን የሰማው የወጉን እምቢታ አልፎ ስለሄደ ነው። አንዴ ብቻ የጠየቃችሁት ሰው ምን እንደሚያስፈራው አታውቁም። "ሰነፍ ነው" ትላላችሁ፣ "ለመንፈሳዊ ነገር ግድ የለውም" ትላላችሁ። ስም ሰጥታችሁት ትሄዳላችሁ። እሱ ግን የሆነ ቀን፣ የሆነ ክፍል ውስጥ፣ የሆነ ሰው ስቆበት ይሆናል።

ምንተስኖት ምን አላት? "አይዞሽ፣ ማንም አይስቅም" አላላትም። ጎሽ! ውሸት ይሆን ነበር።

"ሊስቁ ይችላሉ" አላት። "እኔ ግን እስክሄድ ድረስ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንቺ ፊት ትቆሚያለሽ።"

"ከሳቁስ?"

"ከሳቁም እዚያው ነኝ።"

ወይንሸት ትንሽ አሰበችና "እሺ። ግን ተነስተህ ጠመኔውን እንዳትቀማኝ" አለችው።

ነስሩ ከት ብሎ ሳቀ። ልጅቷ ለካ ሰውዬውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች!

ሰኞ ከሰዓት ቁልፉን ሰጣት። እሷ ከፈተች። ሰሌዳው ሳይጠፋ ነበር፤ ምንተስኖት እጁ በላው። ማጥፊያውን ሊያነሳ ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ልጆቹ ገቡ። ወይንሸት ፊት ቆመች፤ ጀርባዋን ለልጆቹ ሰጥታ ከሰሌዳው ጋር ማውራት ጀመረች። ድምፅዋ አይሰማም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ ቃል አነጋገሯ ላይ አንዱ ልጅ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ወይንሸት ዞረች። ፊቷ ቀልቷል። ምንተስኖት ከወንበሩ ግማሽ ተነስቷል። ልቡ "ሂድና አድናት" ይለዋል። ጥሩ ልብ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ቢሄድ ኖሮ ልጅቷ ለሁልጊዜው ኋላ ወንበር ላይ ትቀር ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ጠመኔውን ጨብጣ ይዛዋለች።

ተቀመጠ።

ስንት ነገር የሠራ ልጅ ነው። ስንት ክፍል ጠርጓል፣ ስንት ወንበር ደርድሯል። ያን ቀን የሠራው ትልቁ ሥራ ግን መቀመጥ ነበር። መቀመጥ እንዲህ ይከብዳል? ሞክሩትና ንገሩኝ።

ወይንሸት የሳቀውን ልጅ ጠራችው። "ና፣ ይህን አንተ ሥራው" አለችው። ልጁ እየተሽኮረመመ ወጣ። ጀመረው፤ መሃል ላይ ቆመበት። አሁን ክፍሉ በእሱ ሊስቅ ነው። እሷ ግን ጠጋ አለችውና፣ በዚያች ኋላ ወንበር ላይ በምታወራባት ዝግ ባለች ድምፅ፣ "እስከዚህ ልክ ነህ። ይቺ ምልክት ወደዚህ ስትሻገር ምን ትሆናለች?" አለችው። ልጁ አሰበ። አገኘው። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመስማት ዝም ማለት ነበረባቸው። ምንተስኖት እየጮኸ ሲያስጠናቸው እንዲህ ጸጥ ብለው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ምንተስኖት መንገዱን ሄደ። አፓረንቱ ላይ ፀሐይና አቧራ በላው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስልክ ይደውልላት ነበር፤ "ጠመኔ አለ? በሩ ይዘጋል?" ይላታል። እሷም ትመልስለታለች። በኋላ ግን ስልኩን የምታነሳው ዘግይታ ሆነ። ለካ ሥራ በዝቶባታል። ያን "ካንተ በኋላ ማን ይችለዋል" ያለውን ልጅ ሄዳ ጠየቀችው። እምቢ አላት። እንደገና ጠየቀችው። ያን "አስብበታለሁ" ያለውን ደግሞ ካፌ ወረፋ ላይ አግኝታ "አስበህ ጨረስክ?" አለችው። ልጁ አፈረና ሳቀ፤ ሐሙስ ዕለት መጣ።

ሰኔ ላይ ሁሉም አለፉ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። ግን አላለፉም። ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ የወረደ አለ፤ ወይንሸትም እስከ መናኸሪያው ሸኝታ፣ አልቅሳ ተመልሳለች። ብዙዎቹ ግን ቀሩ።

ምንተስኖት በክረምቱ ማግስት፣ ጥቅምት ላይ ተመለሰ። ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ ወደዚያ አሮጌ ክፍል ገሰገሰ። እውነቱን ልንገራችሁ? ሲሄድ በልቡ የሚታየው ምን ነበር መሰላችሁ? ልጆቹ ብድግ ብለው ሲቀበሉት። "መጣህልን!" ሲሉት።

በሩን ገፋ አደረገው። ሰሌዳው ጋ የቆመው የማያውቀው ልጅ ነው። ልጁ ዞሮ አየውና በትሕትና "ሪሚዲያል ነህ ወንድሜ? ግባ፣ ኋላ ቦታ አለ" አለው።

ቅር አለው። አዎ፣ ቅር አለው፤ እንደ ሰው። ያን ሁሉ ዘመን ጠርጎት፣ ከፍቶት፣ ቆልፎት፣ "ኋላ ቦታ አለ"!

ከኋላ ወንበር ላይ ወይንሸት ተቀምጣለች። አይታው ፈገግ አለችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ሄዶ ተቀመጠ። ሰሌዳውን ሲያይ ልጁ ስሌቱን ተሳስቶታል። ምንተስኖት ሊነሳ እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

ወይንሸት በጆሮው "ተወው" አለችው። "ራሱ ያገኘዋል።"

ያን ጊዜ ነው ቅሬታው የለቀቀው። ያን ጊዜ ነው፣ ሞልቶ የማያውቀው ያ ክፍል በዓይኑ የሞላው። እሱ ሰሌዳው ጋ የሌለበት ክፍል ነው፤ ግን የሠራው ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሏል።

እናንተ ዛሬ የመሪነቱን አገልግሎት የምትረከቡ ወንድሞችና እህቶች፤ እናንተም ጨርሳችሁ የምትወጡ ተመራቂዎች፤ አሁን ነገሩ ወደ እናንተ ዞሯል። ግቢ የሚሰጣችሁ ዲግሪ ብቻ መስሏችኋል? ሰው መለመንን የምትማሩት እዚህ ነው። ሰው ሲሳሳት ቁጭ ብሎ ማየትን የምትማሩት እዚህ ነው። ነገ መሥሪያ ቤት ስትገቡ፣ ቤት ስትሠሩ፣ ልጅ ስታሳድጉ የምትፈልጉት ይህን ነው። እዚህ ያልተማረው እዚያ ሄዶ በሠራተኞቹና በልጆቹ ላይ ይማራል፤ እነሱ ደግሞ ያሳዝናሉ።

ቁልፍ አንገታችሁ ላይ ያንጠለጠላችሁ ሁሉ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። "ሰው የለም" ስትሉ ስንት ሰው ጠይቃችሁ ነው? አንዴ ጠይቃችሁ የተዋችሁት ማንን ነው? በመንገድ ላይ፣ በካፌ ወረፋ ላይ፣ በቴሌግራም አንድ መስመር ጽፋችሁ፣ "እኔ አልበቃም" ሲላችሁ "እሺ፣ ችግር የለም" ያላችሁት ማንን ነው? ከልባችሁ ነበር? ወይስ ለወጉ? ምናልባት እምቢ ሲላችሁ ደስ ብሏችሁ ይሆን? ይህን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልመልስላችሁም።

እናንተ ደግሞ ኋላ የተቀመጣችሁ፣ "እኔ ምን አውቄ" የምትሉ፤ እናንተንም አልረሳኋችሁም። ጨዋነታችሁ ደስ ይላል። የመጀመሪያውን እምቢታ ወግ ነውና ይቅር እንበላችሁ። ሁለተኛ ሲጠይቋችሁ ግን የልባችሁን ንገሯቸው። የሚያስፈራችሁን ንገሯቸው። ተርባችሁ ሳለ "ጠግቤያለሁ" እያላችሁ አትሂዱ፤ በውስጣችሁ የተቀመጠው ጸጋ የእናንተ ብቻ አይደለም፣ የሚጠብቁት አሉ።

እንግዲህ ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገራችሁና ልቀመጥ። እኛን እግዚአብሔር ስንት ጊዜ ጠራን? አንዴ ጠርቶን፣ "ነገ" ስንለው "እሺ፣ ችግር የለም" ብሎ አልፎን ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን ይቀመጥ ነበር? አንዳችንም። እኔም አልቆምም፣ እናንተም አትሰሙም። እምቢ አልነው፤ ደገመን። ሸሸነው፤ ተከተለን። አልችልም አልነው፤ ምን እንደሚያስፈራን ጠየቀን። ሁላችንም እዚህ ያለነው ለምኖን ነው።

በጉባኤ መሃል ስልክ አውጡ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ግን አውጡ። ያን አንዴ ብቻ የጠየቃችሁትን ሰው ስም ፈልጉት። አገኛችሁት? አሁን ውጡና ደውሉለት። እምቢ ይላችኋል። አትዝጉት፤ ደግማችሁ ለምኑት።